ትርንጎ መንጃ ፈቃድ ያወጣች ለት

በኅዳር፣ በኤድመንተን፣ በረዶው ደርሶ ከጉልበት፣
ትርንጎ፣ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ፣ አራት ጊዜ የወደቀችበት፣
በአምስተኛው «አልፈሻል» ቢላት ፈታኙ፣
ክው አለች፦ «የቱን መብራት?»

ወሬው በስልክ ሲዛመት፣ አፌ ቀደመኝ እኔን፣
«ድግሱ እኔ ቤት ነው» አልኩ፣ ሳላማክር ኪሴን።
ቢራ ለዚህ አይመጥንም፣ ውስኪም ሐዘን ያስመስላል፣
ለአምስተኛ ሙከራ ድል አረፋ ያለው ያምራል።

ከሦስት ቀን በፊት ጀመርኩ፤ ኮኩን ልጬ፣ ማንጎ ቆርጬ፣
በትሪ ላይ ነጣጥዬ፣ ፍሪዘር ውስጥ አስተኝቼ፣
ቅናሽ ከተለጠፈበት አራት ጠርሙስ ወይን ገዛሁ፣
አንዱን ቶሎ ይቀዝቅዝ ብዬ በረንዳ ላይ አሳደርሁ።
ጠዋት ብወጣ ጠርሙሱ ፈንድቶ ወለል ላይ ነው፣
ወይኑ ግን እንደቆመ፣ ልብሱን እንደ ሰረቁት ሰው።
ጎረቤቴ ኦክሳና፣ ሳቋን ሸፍና በሻርቧ፣
«አረፋን አያስቸኩሉም» አለችኝ፣ ቁልቁል ከበረንዳዋ።

ቅዳሜ ማታ ብሌንደሩ ጠጠር እንደበላ ወፍጮ
አጓራ፣ ተንተባተበ፤ ጠረጴዛው ራደ አብሮ።
«ወይኑንም አብረሽ ፍጪው» ምንትዋብ ስትል ቸኩላ፣
«ተይ» አልኳት፣ «አረፋ ሲፈጭ ጣራ ላይ ነው የሚበላ።»
የሚደቀው ፍሬው ነው፤ ወይኑ መጨረሻ ይገባል፣
ብርጭቆው ጋደል ብሎ፣ በጠርዙ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤
ያኔ የደቀቀው በረዶ ከሥሩ እየተነፈሰ
ብርቱካናማ ደመና ሆኖ እስከ አፉ ገሰገሰ።

ደጀኔ አንዱን ቀምሶ «ሎሚ አይደል፣ ትርንጎ ነው» ቢለን፣
«እኔንማ በማንኪያ አትችሉኝም» ብላ ባለስሟ ሳቀችብን።

ግን ብርጭቆዋን አልነካች። ቦርሳዋን አቅፋ በጭኗ፣
ቁልፉ ውስጡ ሲንሿሿ ይሰማል በያንዳንዱ ሳቋ።
«ጠጪ እንጂ፣ ያንቺ'ኮ ነው!»
«ለአዲስ ነጂ ጠብታም የለ፣ ሕጉ አይፈቅድለት፤
ደግሞስ ማን ሊያደርሳችሁ ነው፣ በዚህ በረዶ፣ በዚህ ሰዓት?»

ዝም አልን።
ስንት ዓመት ሙሉ፣ ከገበያ፣ ከሐኪም ቤት፣ ከለቅሶ በር፣
«ዛሬስ ትርንጎን ማን ያድርሳት?» እየተባባልን ነበር፣
በሹክሹክታ፣ ኮት እየለበስን፣ ዐይን ለዐይን እየተሸሸን።
ለካ ሰምታለች። ሁሉንም። አንድ ቀን እንኳ ሳትወቅሰን።

ዐሥራ አንድ እንግዳ ነበር፤ በሦስት ዙር አደረሰች፣
በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር፣ ለባዶ መንገድ እንኳ ፍሬቻ እያበራች።
ደጀኔ ኋላ ወንበር ላይ «ፍጠኚ» ሊል ከጀለና
ዐይኗን በመስታወት አይቶ፣ ቀበቶውን አጠበቀ፣ ቀና።

እኔ ብርጭቆዋን ፍሪዘር ከትቼ፣ የሚያጣብቅ ወለሌን ሳሽ፣
መስኮቱን ሳይ፣ መልሼ ሳሽ፣
ከሌሊቱ ስምንት ላይ መብራቷ ግድግዳዬን ጠረገው፣
ሞተሩ ጠፋ። እንደገና ተነሣ፤ ጠሞ ቆሞ ኖሮ ልታስተካክለው።

ገባች፣ አፍንጫዋ ቀልቶ፣ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አኖረች፣
ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «አሁን አምጪልኝ» አለች።
አወጣሁት፤ ድንጋይ ሆኗል፤ አንዱ ማንኪያ ጎበጠበት፤
በቢላ ጫፍ እየፈለፈልን፣ ቆመን፣ በፍሪጁ መብራት፣
አረፋ የሌለው፣ ጣፋጭ፣ ምላስ የሚያደነዝዝ፣
ተካፈልነው።

ሶፋው ላይ አነጠፍኩላት። መብራቱን ላጠፋ ስል፣
ጥርሷ እየተንገጫገጨ ከብርድ ልብሱ ሥር እንዲህ ስትል፦
«ነገ ገበያ ካለብሽ፣
ስንት ሰዓት ልቀስቅስሽ?»