ሐሙስ፣ በስምንት ሰዓት

በብርዱ ወር ነበር፣ ባሕሩ ግራጫ ሳለ፣
ዊበ ጠራኝና «ሒስከ፣ ላስቸግርሽ» አለ፤
እንደ ጎረቤት ሰው፣ መሰላል እንደሚዋስ፣
ነገ በማለዳው ይዞ እንደሚመልስ።
«ምላሴ ሳይታሰር፣ ቃሌ የእኔው እያለ፣
መሄድ እፈልጋለሁ። እርጂኝ።» እንዲህ አለ።

አርባ ዓመት ኖሯል በሃርሊንገን ወደብ
የውሃ በር ሲከፍት፣ ማዕበል ሲያነብ፤
አሁን ጣቱ ሞቷል፣ ክንዱ ተከተለ፣
አንገቱ እንደ ሱፍ ፍሬ አዘነበለ።
አእምሮው ግን ንቁ፣ እንደ ምላጭ ስለት፣
የከሰመበትን ይቆጥራል በየዕለት።

«በር ከፋች ነበርክና፣ አሁን ላንተ በሩን…»
ብዬ ስጀምር ቆረጠው ነገሩን፦
«ተይ ሒስከ፣ ምሳሌ። ያ የብረት በር ነው።
እኔን ሌሊት የሚያንቀኝ የገዛ ምራቄ ነው።»

አገሬ ሕግ አላት። ሕጉ ይጠይቃል፦
ደጋግሞ ለምኗል? ምን እንዳለ ያውቃል?
ሚስት አልገፋችውም? ወንድም አልጎተተው?
ስቃዩ አይቻልም ወይ?
እዚህ ጋ ብዕሬ ቆመ።
ስቃይ በምን ይለካል? በሊትር? በክንድ?
እኔ የማውቀው የደም ግፊት ነው፣ ስኳር፣ የልብ ምት፤
ለዚህኛው መሣሪያ አልሰጡኝም።

ከሌወርደን መጣ ሁለተኛው ሐኪም፣
እኔን አያውቀኝም፣ ዊበንም አያውቅም።
ሁላችንን አስወጥቶ፣ በር ዘግቶ ጠየቀው፣
«የሚለምነውን» አለኝ «ልቅም አርጎ ነው የሚያውቀው።»

ታላቅ ወንድሙ ዳውወ፣ ድንች ገበሬው፣
እሑድ ማሽን አይነካም፣ ቁጥብ ነው ነገረ ሥራው።
ብስክሌቴን ይዞ በዝናብ አቆመኝ፣
«የሰጠ ይነሳል፤ አንቺ ማን ነሽ?» አለኝ።
ስንቴ በመርፌዬ ሞትን አዘግይቻለሁ፣
ያኔ «ማን ነሽ?» የሚለኝ አንድ ሰው አጥቻለሁ።
ይህም መልስ አይደለም። ማዘግየት አንድ ነው፣
እጅ ይዞ ማድረስ ሌላ መንገድ ነው።

ሌላም ፍርሃት አለኝ፣ ለማንም ያልነገርኩት።
ያን ሰኞ አውክየ መጣች፣ ጉልበቷን ብቻ የሚያማት፣
«ለልጆቼ ሸክም ሆንኩ፤ እኔስ አይገባኝም?» አለች፣
የጡረታ ማመልከቻ እንደምትጠይቅ።
ሕግ ሲኖር፣ ልመና ለብሶ የሚመጣ እፍረትም አለ።
ቤቷ ሸኘኋት። ከልጇ ጋር በስልክ አወራን።
እስከ ዛሬ አለች፤ ካርታ ስትጫወት ታጭበረብራለች።

ሐሙስ ጠዋት ኒንከ፣ ያቺ ጠንካራ ሚስቱ፣
መስኮት ትወለውላለች፣ እንግዳ እንዳለበት ቤቱ።
ልጁ የሄሪንግ ቁራሽ ምላሱ ላይ አኖረች፤
ጨዉን ብቻ ቀመሰ፤ መልሳ አነሣች።
ዳውወም መጣ። አልጸለየም፣ ቢያንስ ጮኾ።
ከአልጋው ግርጌ ተቀምጦ የወንድሙን እግር ያዘ
አፈር በገባባቸው ጥፍሮቹ።

«አሁንም ‹አይ› ማለት ትችላለህ» አልኩት።
ሕጉ ነው ያለኝ። እኔም ፈልጌው ነበር።
ዊበ ሳቀ። «ሰዓቱ አለፈ እኮ» አለ፣
«ማዕበል ቆሞ አይጠብቅም።»

አንድ መርፌ፣ ቀጥሎ ሌላ።
እጄ አልተንቀጠቀጠም።
ይህ እስካሁን ያሳፍረኛል።
ስምንት ሰዓት ከዐሥራ አራት፣ ብዬ ጻፍኩ።

የከተማው መርማሪ መጣ፣ ወጣት ነው፣ ጫማው የረጠበ፣
ምንጣፉን አየና «ይቅርታ» አለ፣ ለምንጣፉ።

ዘጠኝ ሳምንት ቆይቶ ደብዳቤ ደረሰኝ፣
«በጥንቃቄ ተፈጽሟል» የሚል አነበብኩኝ።
«በጥንቃቄ» የሚለውን በጣቴ ዳሰስኩት፣
ከመብራት ደረሰኝ ጋር መሳቢያ ከተትኩት።

ዳውወ ከዚያ ወዲህ ሰላም አይለኝም፣
ገበያ ቢያገኘኝ ቀና ብሎ አያየኝም።
ግን ድንች ሲቆፈር፣ በየዓመቱ፣ ማልጄ
በሩን ስከፍተው፣ አንድ ኬሻ አለ ከደጄ።
ይቅርታ ይሁን፣ ክስ፣ ወይ የወንድም ዕዳ፣
ቃል የለው፣ ስም የለው፣ ጭቃ የለበሰ እንግዳ።
አፈሩን አጥቤ፣ ልጬ፣ ቀቅዬ፣
በጨው እበላዋለሁ፣ ብቻዬን፣ ቀስ ብዬ።