ድብቁ መጎተቻ

«አንድ ሰው ይበቃል» ይላል ወረቀቱ፣
«ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የመግጠሚያ ሰዓቱ።»
አባቴ ሳቀበት። «ይህን የጻፈ ሰው
የኛን መንገድ ጨው፣ የኛን ክረምት ዝገት በእጁ አልዳሰሰው።»

እናም ሁለት ሆንን።
እሱ ከመኪናዋ ሥር በካርቶን ላይ ተንጋሎ፣
እኔ ባትሪ ይዤ፣ ጉልበቴ ሲሚንቶ ላይ ውሎ።

ጥቅምት ነው፤ ተንደር ቤይ። የጋራዡ በር ገርበብ ብሎ ተከፍቶ
የሐይቁ ንፋስ ይገባል፣ እርጥብ ቅጠል አምጥቶ።
ዓርብ ተሳቢው ይመጣል፣ ከጎረቤታችን ከኦስሞ የምንዋሰው፣
አልጋዬን፣ ብስክሌቴን፣ ድስቶቼን ዊኒፔግ የሚያደርሰው።

እናቴ ገና በበጋ ቁርጡን ተናግራለች፦
«ኤስዩቪዬ ጅራት እንዲያወጣ አልፈልግም» ብላለች።
ስለዚህ ተገዛ ድብቁ መጎተቻ፣
አፉ ብቻ የሚታይ፣ እሱም ሲፈለግ ብቻ።

ፍሬቻዎቹ ወጡ። የፕላስቲክ ቁልፎች አንድ ባንድ ተነቀሉ፤
ሦስቱ እጁ ላይ ተሰበሩ።
አባቴ ፊንላንድኛው የሚመጣለት ሲናደድ ነው፤
አያቴ ካወረሱት ቋንቋ የተረፈው ስድቡ ነው።

ማርሚታውን ከላስቲኩ በፒንሳ አላቀን፣
የዛገውን ቡሎን ዘይት አጠጥተን፣ ጠብቀን፣
«ያዢ፣ ሚርያ፣ ቀስ!» አለኝ፤
ፓራውልቱ እንደ ዓሣ ቆዳ ተገፍፎ ወጣ፣
እኔም ትንፋሼ ጠፋ፤ የፈራሁት መጣ።

ከሥሩ ያለው ብረት በግራ በኩል ጎብጧል፤
እንደ ተረገጠ ቆርቆሮ ሆዱ ወደ ውስጥ ገብቷል።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በየካቲት አንድ ሌሊት፣
ወላጆቼ ሰርግ ሄደው፣ ቁልፏ መሳቢያ ውስጥ ሳለች፣
መኪናዋ በረዶ ላይ ተንሸራታ
ወደቡ ዳር፣ ከእህል ጎተራው ምሰሶ ጋር በጀርባዋ ተሳመች።
የዌይሎን ወንድም ከወዳደቀ መኪና ፓራውልት ፈልጎ አመጣ፤
ቀባው፣ ገጠመው፤ የበጋ ደሞዜ በሙሉ በዚያው ወጣ።
ላዩ መስተዋት ሆነ። ሥሩን ማን ያያል?
«ብረት» አልኩ ለራሴ፣ «ምስጢር ያውቃል፣ ዝም ይላል።»

አባቴ ጎባጣውን ባውራ ጣቱ ዳሰሰ።
ከጥፍሩ ሥር የገባውን ቅርፊት አየ፣ በሱሪው አበሰ።
ባትሪዬ ተንቀጠቀጠ፤
ጥላው ግድግዳው ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ ተቀመጠ።
«ብርሃኑን አስተካክይ» አለ። አስተካከልኩ።
ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ብርዱን ዋጥኩ።

«አንዳንዱ» አለ ቆይቶ፣ ፊቱን ሳያዞር ወደኔ፣
«ከፋብሪካው ሲመጣም እንዲህ ነው።
አቀብይኝ አስራ ሰባት ቁጥር ቺያቬ።»

አዲሱ የሚገባው በአሮጌው ቦታ ነው።
ጎባጣውን ፈታ። አልጣለውም፤
ግድግዳው ላይ፣ ከበረዶ አካፋው ጎን ሰቀለው።

ጥቁሩን ብረት በደረቱ፣ በጉልበቱ ደግፎ ወደ ቻሲው ሲያነሣ
ቡሎን እኔ አስገባሁ፤ ጣቴ ከዳዶው ጋር ደነዘዘ፣ ሳሳ።
ቶርክ ቺያቬው «ቀጭ» አለ።
«ስትሰሚው አቁሚ» አለኝ። «ከዚያ በላይ ያለው
ማጥበቅ አይደለም፤ ብረቱን ማስቀየም ነው።»

ሲመሽ እናቴ ወጣች፤ ዞረችው፤ ጎንበስ ቀና አለች።
«የታለ?» አለች።
አባቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ግድግዳውን አየ፣ ከዚያ እኔን።
«ከሥር ነው» አለ። «ሲፈለግ ይወጣል።»

ዓርብ ጉዞ ጀመርን። ሦስት ቁልፍ የጎደለው ያ ጥግ
በየጉድጓዱ ሲንቀጫቀጭ ራዲዮ ከፈትን፤ ከኬኖራ ወዲህ ግን
ራዲዮውም ጠፋ። «አባዬ» አልኩ፣ «ያ ብረት...»

መሪውን እንደያዘ፣ በመስተዋቱ ተሳቢውን እያየ፣
«ቢጫ ቀለም ነበረበት» አለ።
«ያንን ምሰሶ በየግንቦቱ የምቀባው እኔ ነኝ፤ ይኸው ሠላሳ ዓመት።»