ልጡ ሲላላ

አባቴ እንግዳሸት፣ ደነባ ላይ፣ በኅብረት ሥራው መጋዘን በር፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የማዳበሪያ ከረጢት ይቆጥር ነበር።
ዳፕ አምሳ ኪሎ፣ ዩሪያ አምሳ ኪሎ፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ
የገበሬውን ስም ከነአያቱ፣ አንድ ሳያስቀር፣ ጽፎ አጣርቶ።
ማታ ሲገባ፣ ግራጫ ትቢያ ቅንድቡ ላይ ተኝቶ፣
እናቴ እታገኝ ታራግፍለታለች በነጠላዋ ጫፍ፤
«ይሄ ፊት ስንዴ ያበቅላል» ስትለው፣ ሳቁ ሞልቶ ከአፍ እስከ ገደፍ።

መጀመሪያ የጠፋው ቁጥር ነው። ቀጥሎ የጎረቤት ስም።
ቀጥሎ የሰባት ደቂቃ መንገድ፤ እሱም አልተገኘ፣ በቀንም በጨለማም።
ከወንዝ ማዶ ሰው ይዞት መጣ፤ ጫማው ጭቃ፣ እጁ ጭብጥ።
«የት ነበርክ?» ብንለው፣ «ቁልፍ ልመልስ» አለ፤
ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመቱ።
ጭብጡን ፈታን፤ ባዶ ነበር።

ጠበል ወሰድነው። ተራ የያዘውን ሕዝብ ሲቆጥር ዋለ፤
ሦስቴ ቆጥሮ፣ ሦስቴ ደምሮ፣ «አንድ ሰው ጎደለ» አለ።
ራሱን አልቆጠረም።

እኔ ደብረ ብርሃን፣ ኮሌጁ ቤተ ሙከራ፣ ካጉሊ መነጽሩ ሥር፣
ለተማሪ የማስተምረው ሕዋስ ቤት ነው፤ ምሰሶ አለው፣ ማገር።
የነርቭ ማገር ቀጭን ነው፣ ረጅም፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ቱቦ፤
ስንቅ በጀርባው ይሄድበታል፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ተስቦ።
ማገሩን ከማገር የሚያስር፣ እንዳይላላ የሚይዘው ልጥ
ታው ይባላል። ታው፦ በግእዝ የ«ተ» ፊደል ስም፤
አባቴ ያወጣልኝ ስምም በሱ ይጀምራል፦ ትብለጥ።

ልጡ ላይ ፎስፌት ይለጠፋል። ጥቂቱ ደግ ነው፤ ላላ፣ ጠበቅ እያለ፣
አንዱ ኤንዛይም ሲጭን፣ አንዱ ሲያራግፍ፣ ቤቱ ስንት ክረምት ዋለ!
አራጋፊው የደከመ ዕለት፣ ጭነት በጭነት ላይ ሲያርፍ፣
ልጡ ማገሩን ይለቃል፤ እርስ በርሱ ይተበተባል፣
ድመት እንደገባችበት ፈትል።
ማገሩም ይፈርሳል፣ ውስጥ ለውስጥ፣ አንድ በአንድ፣ ያለ ድምፅ።
ቆርቆሮው ግን ያበራል። ጎረቤት ከደጅ «ቤቶች!» ይላል፤
ከውስጥ መልስ ይዘገያል።

ፎስፌት! ያ ከረጢቱ ላይ የተጻፈው፣ ማሳ የሚያጠግበው።
አውቃለሁ፤ ይሄኛው ከዚያኛው አልመጣም። ትቢያ አንጎል አይገባም።
ተማሪ እንዲህ ብሎ ቢጠይቀኝ እቆጣለሁ።
ሌሊት ግን እኔው እጠይቃለሁ፦
በዚያ ቤት መዝገብ ያዥ አልነበረም? ስም ከነአያት የሚጽፍ?
«ለታው ሦስት ይበቃል፤ አራተኛውን መልስ» የሚል፣
በሩ ላይ የሚቆም ሰው?
እታገኝ ከሞተች ሦስት ዓመት አለፋት። ከዚያ ወዲህ ነው፣ እላለሁ።
ከዚያ ወዲህ አይደለም፤ ቀድሞም ጀምሮት ነበር።
ሐዘን ቀን መቁጠር አያውቅም።

ኅዳር፣ ቅዳሜ፣ ውርጩ ከሣሩ ሳይለቅ፣ በሚኒባስ ደነባ ገባሁ።
አጥሩ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት፤ እንጨት ከእንጨት
በልጥ ያስራል፣ ይፈታል። ይፈታል፣ ያስራል።
ቀና ብሎ አየኝ። ጣቶቹ እስክሪብቶ እንደያዘ ሰው ተሰብስበው፦
«ስም?»
«ትብለጥ።»
«ከነአያት!»
«ትብለጥ እንግዳሸት ሸዋንግዛው።»
አየር ላይ «ት»ን ጻፈ። ቆመ።
እንደገና «ት»። ከዚያ ወዲያ እጁ መንገድ አጣ።
«ስንት ከረጢት?»
«አንድም አልፈልግ፤ ላራግፍ ነው የመጣሁት» አልኩት።
የነጠላዬን ጫፍ ይዤ ቅንድቡን ጠረግሁለት።
ምንም አልነበረበትም።

ሳቀ ግን፤ ከአፍ እስከ ገደፍ።