ነጻ ይላል

ጌንት ላይ ዝናብ ነው፤ ትራሙ ያነጥሳል፣
የቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት እርጥብ ካርቶን ይሸታል።
ስምንት ላፕቶፕ አለን፣ ባንክ የጣላቸው፣
የሁለቱ ፊደል እንደ ሕፃን ጥርስ የወለቀባቸው።
ሐሙስ ሐሙስ ዘጠኝ ልጆች ይመጣሉ፤ ስድስት፣ ሰባት ነው ዕድሜያቸው።

«ሙዚቃ በኮምፒውተር»
ብሎ በሩ ላይ ለጠፈ ኃላፊው ዋውተር፤
በጀቱን ስጠይቅ ኪሱን ገለበጠ፣
ሁለት የሳል ከረሜላ አውጥቶ አንዱን ለእኔ ሰጠ።
«ነጻው ሞልቷል ባሕሩ፣ እስከ ሐሙስ ምረጥ!»
ይኸው ማክሰኞ ማታ፣ ከስክሪን ጋር ፍጥጥ።

የመጀመሪያው ነጻ ይላል።
ስሜን ጠየቀ፣ ሰጠሁት። የልጆቹንም ላክ አለኝ፣
ከነልደት ቀናቸው፣ ከነፎቷቸው ለመነኝ።
ምን ያደርግለታል የኤሊፍ ልደት፣ የዮሪስ ፊት?
ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ዘጋሁት።

ሁለተኛው ነጻ ይላል፣
ለሠላሳ ቀን።
በሠላሳ አንደኛው የልጁን ዘፈን
እንደ ወለድ አገድ መሬት ይዞ ይቀመጣል፣
ከፍለህ እስክታስለቅቅ።
እኔ ራሴ በሠላሳ ቀን ምን ጨርሼ አውቃለሁ?

ሦስተኛው አልዋሸም፤ ምንም አልጠየቀ፣
ሲከፈት ግን እንደ አብራሪ ክፍል በመብራት ደመቀ።
ፍሎር እዚህ ብትገባ ገበያ መሐል ትጠፋለች።
መቶ ማዞሪያ፣ መቶ መርፌ፣ ስሙን የማላውቀው ሞገድ፤
የጎበዝ ሥራ ነው፣ ለጎበዝ። ባርኔጣዬን አንስቼ ልሂድ።

አራተኛው ቆንጆ ነው፤ ስትነካው ይስቃል፣
ሣጥን በሣጥን ላይ ብትደረድር ሁሉም ያምራል።
እዚህ ላይ ፈራሁ።
ሌላ ሰው የመታው ከበሮ፣ ሌላ ሰው የነፋው ጥሩንባ፣
ልጁ የሚጎትት ብቻ፣ ከሰው ማጀት ሳይጠራ የገባ።
ልፈትነው ብዬ ጠረጴዛ መታሁ፣ እንደ ልማዴ በስድስት፤
ቀረጸና አስተካከለው፣ ሳይጠይቀኝ፣ በአራት።
ሁለቱን ምት የት ጣላቸው?
ጠረጴዛ ሥር ሁሉ አየሁ።

የማማው ደወል አንዴ መታ። ቦዩ ላይ ጀልባ አዛጋ።
ነጻ ማለት ምንድን ነው? ያለ ዋጋ?
ወይስ ያለ ጌታ?
አንድ ቃል ሁለት ሰው ሆኖ ሲያሾፍብኝ አመሸ በዚያ ማታ።

አምስተኛው መልከ ጥፉ ነው፤ ግራጫ፣ እንደ አሮጌ ሚዛን።
አንድ ቀይ ክብ አለው፤ ስትነካው ይቀዳል።
ወደ ኋላ የታጠፈ ቀስት አለው፤ ያጠፋኸውን ይመልሳል።
አራቱን ስድስት በለው፣ እሺ ይላል።
ሌላው ጓዙ ጓዳ ነው፣ እስኪጠሩት ዝም ብሏል።
ማን እንደ ሠራው ታች ተጽፏል፤ አርባ ስም፣ ከየአገሩ፣
ማታ ማታ፣ ልጆቻቸው ሲተኙ፣ ያለ ክፍያ የሠሩ።

ሐሙስ። ዘጠኝ ልጅ፣ ስምንት ማሽን፣ አንድ ጭቅጭቅ።
ቦያን ከፕሎቭዲቭ ከመጣ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ቋንቋ ገና አያውቅ።
ማሽኑን አቅፎ ወደ ጥጉ፣ ወደሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሄደ፤
ባልዲው ሥር ተንበርክኮ ቀዩን ነካ፣ ቀዳ።
ጠብ። ጠብ፣ ጠብ። ...ጠብ።
ዮሪስ ሲያልፍ ክርኑ አንዱን ቁልፍ ነካ፣
ሁሉም ጠፋ። ክፍሉ ጸጥ አለ፣ አንዱ ልጅ ሊያለቅስ ነበር መሰለኝ።
ቦያን ግን ቀስቱን አየ። ተጫነው።
ጠብ። ጠብ፣ ጠብ።
ደግሞ ራሱ አጠፋው። መለሰው። አጠፋው፣ መለሰው፤
ስምንቱም ባልዲውን ከበቡት፣ «እኔ ላጥፋው፣ እኔ ልመልሰው!»
እኔ በጣቴ ልቆጥር ሞከርሁ፤
ከአራትም አይገጥም፣ ከስድስትም፣ ቧንቧው የራሱ ነው ምቱ።

ያኔ ነው በሩ የተከፈተ።
ዋውተር፣ ከኋላው ቧንቧ ሠሪ፣ የመሣሪያ ሣጥን በእጁ።
ለዚህስ በጀት ተገኘ።
ኤሊፍ ባልዲው ፊት ቆመች፣ ሁለት እጇን ዘርግታ፦
«ሰኞ ይምጣ» አለች፣ «ዛሬ እየቀዳን ነው።»