በሰው እርምጃ

ኦስቲኗ የአባቴ ናት፤ በዕድሜ እኔን በሃያ ዓመት ትበልጣለች፣
በብርድ ጠዋት ሦስት ጊዜ ትስልና በአራተኛው ትነሣለች።
እኛ ዘንድ፣ በኒው ዚላንድ ግርጌ፣ ሚያዝያ የብርድ መግቢያ ነው፤
ከደቡብ ባሕር የሚመጣው ነፋስ ካፖርት የማይመልሰው።

ከሰኞ እስከ ዓርብ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው የምነዳ፤
በዓመት አንዴ ግን፣ በዘማቾች መታሰቢያ ማለዳ፣
ጎማዋን አጥቤ፣ መብራቷን ወልውዬ፣
ሚስተር ራትሬይን አመጣለሁ፣ አልሄድም ሲል አባብዬ።

ዘጠና አንድ ዓመቱ ነው። ሁሌም ከኋላ ነው የሚቀመጠው፤
ኒሻኑን ልጁ ናት በግድ ደረቱ ላይ የምትሰካው።
የጡረታ ቤቱ ነርሶች አንድ ጠርሙስ ውሃ ይሰጡታል፤
ሳይከፍተው ይዞት ይሄዳል፣ ሳይከፍተው ይመልሰዋል።
ሰባት ዓመት ነዳሁት። ሰባት ጠርሙስ። አንድም ቀን አልጠየቅሁ፤
ሽንት እየፈራ ይሆናል ብዬ በልቤ ፈረድሁ።

የሰልፍ ነገር እንዲህ ነው፦ አሮጌ መኪና ዳገት አይከብዳትም፤
ከበሮ ተከትላ በሰው እርምጃ መጎተትን ግን አትችልም።
ነፋስ የለ፣ አንደኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ላይ የተሰቀለ እግር፤
ሥጋ ቤቱ ፊት ስንደርስ አፍንጫዋ እንፋሎት ይረጭ ጀመር።
ከኋላችን ያለው ቤድፎርድ ጥሩንባ ነፋ። ሕዝቡ ግን አጨበጨበ፣
የትርኢቱ አካል መስሎት። አንድ ሕፃን ባንዲራ አውለበለበ።

ኮፈኑን ከፍቼ ቆምሁ። እጄን ፈጀኝ። ተሳደብሁ።
"ክዳኑን እንዳትነኪው" የሚል ድምፅ ከጀርባዬ ሰማሁ።

ወርዷል። ማን እንዳወረደው እንጃ፤ ከዘራው መኪናው ውስጥ ቀርቷል።
የጉልበቱን ብርድ ልብስ ክዳኑ ላይ ጠቅልሎ ሩብ ያህል አዙሮታል፤
እስኪተነፍስ ጠበቀ፤ ደግሞ ሩብ። ጣቶቹ አልተንቀጠቀጡም፤
ቁርስ ላይ ማንኪያ የሚያስጥሉት እነዚያ ጣቶች አልነበሩም።

ከዚያ ጠርሙሱን ከፈተ። ያን ጠርሙስ።
ጠብታ ሳያባክን አንቆረቆረው፣ ቀስ፣ ቀስ፣
የተናገረውም ለእኔ አይደለም፤ ለራዲያተሩ ነው።

"ሊቢያ ነው። የቁስለኛ መኪና ነኝ። አምስት ሰው ከኋላ ተጭኗል፤
የቀረችን ውሃ ይቺን ታህላለች፤ ሞተሩ ፈልቷል።
ኔቪል የሚባል የወተት አመላላሽ ልጅ፣ ሆዱን የተመታ፣
አንድ ጉንጭ አለኝ። አንድ ጉንጭ ብቻ፣ በጌታ።
ሰማሁት። በደንብ ነው የሰማሁት።
ውሃውን ይዤ ወረድሁ፣ ኮፈን ከፈትሁ፣ ለሞተሩ አጠጣሁት።"

"አራቱ ተረፉ" አለ፣ ክዳኑን እየገጠመ። "ሒሳቡ ልክ ነው።
ሐኪሙም ሆዱ የተመታ ውሃ አይሰጠውም ብሏል። ልክ ነው።"
ሦስተኛ ጊዜ ልክ ነው አላለም።

የሥጋ ቤቷ ሴት ባልዲ አመጣች፤ ሞላናት፤ ኦስቲኗ ሦስቴ ሳለች።
ራትሬይ አሁን ከፊት ገባ፣ ከጎኔ። በአራተኛው ተነሣች።

ሐውልቱ ጋ ስንደርስ ጥሩንባ ነፊው ዕቃውን ሻንጣ ሲያስገባ፣
ጸጥታው አልቆ፣ ሰው ሻይ ፍለጋ ሄዶ፣ ዝናብ ሲመታው አበባ።
"ዘገየን፣ ይቅርታ" አልሁት። አልመለሰልኝም።
በመስታወቱ የኋላውን ወንበር ያያል፤ ከቆዳው በቀር ምንም የለም።

ቆይቶ፣ "በሩን ክፈቺላቸው" አለኝ።
ሰባት ዓመት ያልጠየቅሁ ሴት፣ ለማን ልል ስል አፌን ያዘኝ።
ወርጄ፣ ዞሬ፣ ከፈትሁት።
ዝናቡ ወንበሩን አረጠበው፤ እኔ በሩን እንደያዝሁት።
ልጆች ሲወርዱ መቁጠር ልማዴ ነው፤
እስከ አምስት ቆጥሬ ዘጋሁት።