ተራ ቁጥር ሰባት

የኦልደን ግሮቭ ማዘጋጃ ቤት፤ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፤
አምስት ወንበር፣ አምስት ማይክ፣ አጀንዳ ተራ ቁጥር ሰባት።
እኔ ቃለ ጉባኤ ያዧ ከጥጉ ተቀምጫለሁ፤
የተባለውን እጽፋለሁ፣ ያልተባለውን እሰማለሁ።

ጉዳዩ የፍሪዌዩ ነው፤ የግራው መስመር፣ አልማዝ የተቀባበት፣
ከንጋት አስራ አንድ እስከ ሦስት ብቻውን የሚነዳ የማይገባበት።
"እስከ አራት ሰዓት ቢራዘምስ? ከተማችሁ ምን ትላለች?"
ብሎ የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ልኮ፣ ወረቀቷ እፊቴ አለች።
ሦስት ገጽ ናት፤ መልሷን ተይቢ የምባለው እኔው ነኝ፤
አንቺስ ምን ትያለሽ ብሎ ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝ።

ሃልቮርሰን ቀደሙ፤ መነጽራቸውን በከረባታቸው ጠርገው፣
"ባዶ መስመር እያየሁ እንዴት ዝም ልበል?" አሉ፤ "ሰው
እግሩ ፍሬን ላይ ሲደነዝዝ፣ ቤንዚኑ ሲነድ በከንቱ፣
ያ አስፋልት ለሙሽራ እንደተነጠፈ ይዋል? ሙሽራዋስ የታለች በእውነቱ?"

ፕሩዊት ግን፦ "ወንድሜ፣ ዓይንዎ ነው የተሳሳተ፤
ያ ባዶ የመሰለዎ ስለሄደ ነው፤ ይሄ ሙሉ የመሰለዎ ስለታከተ።
አንድ አውቶቡስ አርባ ሰው ነው፤ ቆጥረውት ያውቃሉ ወይ?"
"የትኛው አውቶቡስ?" አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ ቀረ ጣሪያው ላይ።

ወጣቱ ካስቴላኖስ ደግሞ፦ "ፍሪዌዩ ጢም ብሎ ሲሞላ
ስልኩ አቋራጭ ያሳየዋል፤ በአዛውንቶች ማዕከል በር ነው የሚጎርፈው ሁላ።
ያቺ የምትጨመር ሰዓት፣ ከሦስት እስከ አራት ማለት፣
ሚስተር ኦኩቦ በከዘራ ዳቦ ሊገዙ የሚሻገሩባት ናት።"

የሕዝብ አስተያየት፣ ሦስት ደቂቃ። ኤርሊንዳ ማካራዬግ መጣች፣
የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች፤ ለማይኩ አጠረችና ተንጠራራች።
"የሌሊት ፈረቃ ነን" አለች፤ "ሦስት ሰዓት ላይ ነው የምንወጣው፤
ልክ እኛ ስንደርስ ነው መስመሩ ለሁሉም የሚለቀቀው።
ሮዌና ከኋላ ትተኛለች፣ ኔኒታ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች፣ እኔ እነዳለሁ፤
እንቅልፍ ሲጥለኝ በአውራ ጣቴ ጥፍር መዳፌን እወጋለሁ።
ያቺን ሰዓት ብትጨምሩልን ሃያ ደቂቃ ነው የማተርፈው።
ሃያ ደቂቃ ለናንተ ምንም ነው፤ ለኔ ግን እንቅልፍ ነው።"

ቀጥሎ ቲቤትስ፣ ጂፕሰም ለጣፊው፣ ጫማው ላይ ነጭ አቧራ፤
"እኔ መሰላል ነው ጓደኛዬ፤ ከማን ጋር ልሳፈር? ከባልዲ ጋራ?
አንዴ አሻንጉሊት ባርኔጣ አድርጌለት ከጎኔ ባስቀምጠው፣
አራት መቶ ዘጠና ዶላር ከፈልኩ። ፖሊሱ ቀድሞ ስሙን ጠየቀው።"
ሁሉም ሳቀ፣ ኤርሊንዳም። እሱ ግን ኮፍያውን አወለቀ፣
"አራት ሰዓት ነው ሥራ የምገባው" አለ፤ ደቂቃው ሳያልቅ ቃሉ አለቀ።

ሁለቱም እውነት ተናገሩ። እኔ ሁለቱንም ጻፍኩ፤
ሁለት እውነት በአንዲት ሰዓት እንዴት እንደሚቀመጥ ግን አላወቅኩ።

"ይጠና" አሉ፤ ሦስት ለሁለት። ይራዘም አይደለም፣ ይቅር አይደለም፤
የሚጠላው የለም እንዲህ ያለውን ቃል፣ የሚወደውም የለም።
"ምክር ቤቱ ጉዳዩን በጥሞና ተመልክቶ" ብዬ ጀመርኩ፤
ለዚያ መዳፍና ለዚያ ጥፍር የሚሆን ዓምድ አጣሁ፤ ዘለልኩ።

ወጥቼ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆጠርኩ፣ ልማድ ሆኖብኝ፤
አምስት ሹም፣ አምስት መኪና፤ ስድስተኛዋ እኔው ነኝ።
ሃልቮርሰንና ፕሩዊት ጎረቤት ናቸው፣ አንድ አጥር የሚለያቸው፤
አንዱ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ፣ ተከታትለው ሄዱ በየመኪናቸው።
ሃምሳ ሎሚ ነው መንገዱ፤ ሃምሳውንም አንድ ሰው ተሸክሞት፣
ሌላ ሃምሳ ያዘለ ሰው ከኋላው ጡሩምባ ነፍቶበት።

የቃለ ጉባኤውን ካርቶን ጋቢና ከጎኔ ባስቀምጠው፣
መኪናዬ ጢጥ ጢጥ አለች፤ ቀበቶ ያላሰረ ሰው
ተሳፍሯል ብላ። ከባድ ነውና፤ የአሥር ዓመት አጀንዳ፣ የአሥር ዓመት "ይጠና"።
ቀበቶውን ስቤ አሰርኩለት። ዝም አለች። ሄድን፣ ሁለት ሆንና።