የመቀነስ ሂሳብ

ሙርታ ሚዛኑ ላይ አልወጣም አለች፣
አራት እግሯን ዘርግታ ወለሉን ያዘች።
ሐኪሟ ኢስሜንያ፣ መነጽሯን ገፍታ፣
"እርስዎም ይውጡ" አለች፣ "ሽቅብ ከነሙርታ፤
ከዚያ ለብቻዎ፤ ቀሪው የሷ ነው።"
የመቀነስ ሂሳብ፣ ምን ክፋት አለው?

ዶን አኒሴቶ፣ ያ ጡረተኛ ጋጋሪ፣
የሰው ዱቄት መዛኝ፣ የሰው ሊጥ ቆጣሪ፣
ራሱን መዝኖ አያውቅም ነበር።
ወጣ። ብረቱ ጮኸ። መርፌው ሲሽከረከር
መቶ ሃያ ሰባት ላይ ሄዶ ቆመ፤
እሷን አስቀምጦ ብቻውን ደገመ፤
ዘጠና ስምንት አለ። ሃያ ዘጠኝ ቀሪ፤
አሥራ ዘጠኙ ውሻ፣ አሥሩ ተጨማሪ።

"ምን ትመገባለች?" ብላ ጠየቀችው።
"ምግቧን።" "ሌላስ?" ዝም። ኮፍያውን አየው።
"ዳቦ... ጠዋት ጠዋት፣ ቅቤ የተቀባ፣
ማታም ግማሽ ዳቦ፣ ሲተርፍ ከሾርባ።
ሁለት ነው የምገዛው" አለ ቀስ ብሎ፣
"አንዱ ለዴልፊና..." ቃሉን አንጠልጥሎ።

ዴልፊና ከሞተች ሦስተኛ ክረምት ነው።
ዳቦ ሻጩ ልጅ ግን ሁለት ነው የሚሰጠው፤
እሱም "አንድ ይበቃል" ማለት እያፈረ፣
ሁለት ሳህን ዘርግቶ ቁርስ ሲበላ ኖረ።
የሟቿን ድርሻ ሙርታ ወረሰች፣
በሰው ቤት ኀዘን ላይ ውሻ ወፈረች።
ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤
ሙርታን ግን ከጥጋብ ጩኸቱም ደክሟታል።

ኢስሜንያ ጻፈች። አጭር ነው ወረቀቱ፦
"ለሁለታችሁም፣ ደረጃ መውጣቱ።
ለሷ ካሮት፣ ዱባ፣ ጨው ሳይነካካ፤
ሽንኩርት አያቅምሷት፣ ወይን አንድ ፍሬ እንኳ።
ለእርስዎም ምስሩን፣ ዓሣውን፣ ቅጠሉን፤
ቀስ ብለው ያላምጡ፤ ይተዉ ጥድፊያውን።"

እኔ ጫማ ሰፊ፣ ከደረጃው ግርጌ፣
የሰው ኑሮ አነባለሁ ከሶል ጭቃ ጠርጌ።
የቫልፓራይሶ ኮረብታ ይህ ነው፤ ባሕሩ ከታች፣
ቤቶቹ በቀለም ገደል ላይ ተንጠልጣዮች፣
መቶ ስልሳ አራት ደረጃ ከደጄ።
የአኒሴቶ ሶል ድሮ አያልቅም፣ አይቻለሁ በእጄ፤
በገመድ ባቡር እንጂ በእግሩ መች ወጥቶ!

የመጀመሪያ ቀን አሥራ ሁለተኛው ላይ ቆሙ፣
እሱም እሷም ምላስ አውጥተው ደከሙ።
ዓሣ ሻጯ ኦዲሊያ፣ "የትኛው ነው ጎታች፣
ውሻዋ ናት ወይስ እርስዎ?" ብላ ሳቀች።
በሳምንቱ ሠላሳ። ሙርታ አኮረፈች፣
ካሮቱን አሸትታ ፊቷን አዞረች፣
ዳቦ ቤቱ በር ላይ እንደ ድንጋይ ተተከለች።

እሱም ቅዱስ አልነበረም። አንድ ዝናባም ማታ
ቅቤውን አወጣው፣ ለራሱም ለሙርታ።
በነጋታው መጥቶ እኔ ዘንድ ተናዘዘ፤
"በላን" አለ። የውሻዋም ጭራ ፈዘዘ።

ከባዱስ ሽቅቡን መውጣት አልነበረም፤
"አንድ ዳቦ" ለማለት ምላሱ አልታዘዘም።
በጥቅምት መባቻ፣ ጭጋግ ሳይገፈፍ፣
አየሁት ተሰልፎ ከዳቦ ቤት ደጃፍ፤
"አንድ" አለ። ልጁ አልሰማ ኖሮ "ስንት?" ብሎ ጠየቀ።
"አንድ!" ብሎ ጮኸ፤ ሰልፉ ዞሮ አየው፣ ጉሮሮው ደረቀ።
ሙርታ ምን እንደገባት አላውቅም፤ ቀድማው
ደረጃውን ጀመረች፣ ገመዷ እየሳበው።

ትናንት ጫማውን አመጣ፤ ሶሉ አልቋል፤
በቀዳዳው በኩል ጣቴ ብቅ ይላል።
"ስንት ቀነስክ?" አልኩት። "ስምንት፤ እሷም አምስት።
የሚዛኑስ ይሁን። የቤቴ ግን..." አለ፣ "ከሁለት
አንድ ሲነሳ፣ እንዴት እንደሆን እንጃ፣ ሁለት።"

ገንዘቡን መለስኩለት። ሲመሽ ሱቄን ዘጋሁ፤
ሠላሳ ዓመት የተቀመጠ ጉልበቴን አነሳሁ፤
ሃያውን ደረጃ ግድግዳ ይዤ ወጣሁ።
ሃያ አንደኛው ላይ፣ ጆሮዋን አቁማ፣
ሙርታ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች፣ ገና በጨለማ።